ሕክምና ትምህርት ቤት የሚጠይቀውን 6 ክሬዲት እንግሊዝኛ በርቀት መጨረስ፦ አሜሪካ ላለ አመልካች

ባዮሎጂውን፣ ኬሚስትሪውን፣ ፊዚክሱን ከነላብራቶሪው ጨርሶ ለሕክምና ትምህርት ቤት ሊያመለክት የተዘጋጀ ሰው በመጨረሻው ሰዓት የሚደናቀፍበት ትንሽ ነገር አለ፤ 6 ክሬዲት እንግሊዝኛ። «ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉንም ትምህርት የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው» ይላል ከአገር ቤት ዲግሪውን ይዞ የመጣው። እውነቱን ነው። ማመልከቻውን የሚመረምረው ክፍል ግን ትራንስክሪፕቱ ላይ የኮርስ ስም፣ ቁጥርና ውጤት ይፈልጋል።

እኔ ሁለቱን ኮርሶች የወሰድኩት ዋሽንግተን አካባቢ በአንድ ሆስፒታል ሌሊት እየሠራሁ፣ በኦንላይን ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል እኔ ከሄድኩበት ይሻላል። እኔ መጀመሪያ ከፈልኩ፣ በኋላ ጠየቅሁ።

መጀመሪያ፦ ያለዎትን ይቁጠሩ

የአገር ቤቱን ትራንስክሪፕት ያውጡ። ቀደም ብለው የተማሩ ሰዎች ፍሬሽማን ኢንግሊሽና ሶፎሞር ኢንግሊሽ የሚሉ ስሞችን ያገኛሉ፤ የቅርቦቹ ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽን። እነዚህን ወርልድ ኤዱኬሽን ሰርቪስስን በመሰለ ድርጅት ማስገምገም ለሥራና ለማስተርስ ይጠቅማል። ኤምዲ የሚባለውን የሐኪምነት ዲግሪ የሚሰጡት አብዛኞቹ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚቀበሉበት አምካስ የተባለው የጋራ ሥርዓት ግን የውጭ አገር ውጤትን አያረጋግጥም፣ ከአማካይ ውጤት ጋርም አይደምረውም። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶችም ለመግባት ቅድመ ሁኔታ የሆኑት ኮርሶች አሜሪካ ወይም ካናዳ ውስጥ ባለ ተቋም የተወሰዱ እንዲሆኑ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከአገር ቤት የመጣውን እንግሊዝኛ ዜሮ ብለው ይነሡ። የሚቀበል ትምህርት ቤት ካገኙ ትርፍ ነው።

ዲግሪዎን እዚህ የሠሩ ከሆነ ደግሞ ያለዎትን አሳንሰው አይገምቱ። ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚጠይቁት «ጽሑፍ የሚበዛበት» ኮርስ ነው፤ ሦስት አራት ድርሰት ያስጻፈ የታሪክ ወይም የፍልስፍና ኮርስ ሊሞላው ይችላል። የኮርሱን መግለጫ ፈልገው ያስቀምጡ።

የክሬዲቱ ስሌትም አለ። በሴሚስተር በሚያስተምር ኮሌጅ 6 ክሬዲት ማለት ባለ 3 ክሬዲት ሁለት ኮርስ ነው። ሲያትልና አካባቢው ያሉ ኮሌጆች የሚያስተምሩት በሩብ ዓመት ሲሆን፣ አንድ የሩብ ዓመት ክሬዲት የሴሚስተሩን ሁለት ሦስተኛ ያህላል። እዚያ የእንግሊዝኛ ድርሰት ኮርስ 5 ክሬዲት ስለሆነ ሁለቱ 10፣ ወደ ሴሚስተር ሲቀየር 6.67 ይሆናል፤ ይበቃል። 3 ክሬዲት የሩብ ዓመት ኮርስ ሁለት ጊዜ ወስዶ 6 ሞላሁ ያለ ሰው ግን ያለው 4 ብቻ ነው።

ሁለተኛ፦ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ፣ መልሱን በጽሑፍ ይያዙ

የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ኤም ኤስ ኤ አር የሚባል የመረጃ ቋት አለው። ሙሉውን ለማየት ይከፈልበታል፤ ገንዘቡ አይቆጭም። የእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ገጽ የትኛው ኮርስ ግዴታ፣ የትኛው ምክር ብቻ እንደሆነ፣ ስንት ክሬዲት እንደሚፈለግ፣ በኦንላይንና በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የተወሰደ ኮርስ ይቀበሉ እንደሆነ ያሳያል።

ልዩነቱ ሰፊ ነው። ስታንፎርድ አስገዳጅ ብሎ የዘረዘረው ኮርስ የለም። አብዛኞቹ የቴክሳስ ትምህርት ቤቶች የራሳቸው የማመልከቻ ሥርዓት አላቸው፤ የአንድ ዓመት የኮሌጅ እንግሊዝኛ ይጠይቃሉ። ሌሎች «የአንድ ዓመት ጽሑፍ» ብለው ብቻ ይተዉታል፤ ሥነ ጽሑፍ ይሁን ድርሰት አይናገሩም። የኦንላይን ኮርስ ጉዳይ ከ2020 በኋላ በብዙ ቦታ ስለተለወጠ ከዓመታት በፊት ያመለከተ ጓደኛ የነገረዎትን እንደ ሕግ አይያዙት።

ከዚያ 10 ወይም 15 ትምህርት ቤት መርጠው ለቅበላ ክፍሉ ኢሜይል ይላኩ። ረጅም ታሪክ አያስፈልግም፤ ከየት እንደመጡና ስንት ዓመት እንደደከሙ ማንም አልጠየቀም። አራት ጥያቄ ይበቃል፦ ኦንላይን የተወሰደ እንግሊዝኛ ይቆጠራል ወይ? ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ቢሆንስ? ተማሪው በራሱ ፍጥነት የሚጨርሰው ዓይነት ኮርስስ? ሁለቱም ኮርስ የድርሰት ቢሆን ይበቃል ወይስ አንዱ ሥነ ጽሑፍ መሆን አለበት? የሚወስዱትን ኮርስ ትክክለኛ ስም፣ ቁጥርና ኮሌጅ ይጥቀሱ። «በአጠቃላይ እንቀበላለን» የሚል መልስ ከመጣ ኮርሱን በስሙ ጠቅሰው እንደገና ይጠይቁ። መልሶቹን ሁሉ በአንድ ማኅደር ያኑሩ። የመለሰልዎት ሠራተኛ በዓመቱ ሥራ ሊለቅ ይችላል፤ ኢሜይሉ ግን ይኖራል።

በፈተና ብቻ የሚገኝ ክሬዲትም አለ፤ ክሌፕ አንዱ ነው። ርካሽና ፈጣን ስለሆነ ያጓጓል፤ የማይቀበሉት የሕክምና ትምህርት ቤቶች ግን ብዙ ናቸው። አምስተኛ ጥያቄ አድርገው ያክሉት።

ሦስተኛ፦ ኮሌጁን መምረጥ

ከሁሉ በፊት እውቅናውን ይዩ። ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲ ያሉ ኮሌጆችን በተለምዶ ሚድል ስቴትስ የሚባለው አካል፣ ቨርጂኒያና ቴክሳስ ያሉትን የደቡቡ ማኅበር፣ ሚኒሶታና ኮሎራዶ ያሉትን ሃየር ለርኒንግ ኮሚሽን፣ ሲያትል ያሉትን የሰሜን ምዕራቡ ኮሚሽን ያረጋግጣቸዋል። የኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ከነዚህ ወይም በሌላው አካባቢ ካሉት መሰሎቻቸው የአንዱ ስም ካልተገኘ ይለፉት፤ ፌስቡክ ላይ የሚመጣው ማስታወቂያ የቱንም ያህል ቢያምር።

አሌክሳንድሪያ፣ አናንዴልና ስፕሪንግፊልድ አካባቢ ያለ ሰው ኖቫ የሚባለውን የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ያውቃል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሞንትጎመሪ ኮሌጅን። ሁለቱም ሁለቱን የድርሰት ኮርሶች በኦንላይን ይሰጣሉ። በቨርጂኒያ ቁጥራቸው 111 እና 112፣ በሞንትጎመሪ 101 እና 102 ነው። ኮርሱ ኦንላይን ነው ማለት ክፍያው ለሁሉም አንድ ነው ማለት አይደለም። ነዋሪ ያልሆነ ሰው ብዙ እጥፍ ሊከፍል ይችላል፤ የነዋሪነት ማስረጃዎን፣ ማለትም የቤት ኪራይ ውል፣ መንጃ ፈቃድና የግብር ወረቀት፣ ከምዝገባ በፊት ያስገቡ።

በራስ ፍጥነት የሚያስኬድ ኮርስ የሚፈልግ ሰው የኖርዝ ዳኮታ ዩኒቨርሲቲን ማየት ይችላል፤ በማንኛውም ጊዜ ተመዝግቦ በወራት ውስጥ የሚጨረስ ኮርስ አለው። ካናዳ ያላችሁ ደግሞ በአልበርታው አትባስካ ዩኒቨርሲቲ ወይም በካምሉፕስ ባለው ቶምሰን ሪቨርስ ዩኒቨርሲቲ የርቀት ክፍል መመዝገብ ትችላላችሁ። እኔ ግን ለሠራተኛ ሰው ቀነ ገደብ ያለውን እመርጣለሁ። «በፈለጉት ጊዜ ይጨርሱ» የሚል ኮርስ ሌሊት ሠርቶ ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት ለሚያደርስ ሰው «መቼም አይጨርሱት» ማለት ነው።

በኤፍ 1 ቪዛ ያሉ ተማሪዎች ከሙሉ ጊዜ ትምህርታቸው ውስጥ በአንድ ሴሚስተር የሚቆጠርላቸው ኦንላይን ኮርስ አንድ ብቻ ነው። የትምህርት ቤታችሁን የውጭ ተማሪዎች አማካሪ ሳታናግሩ አትመዝገቡ።

አራተኛ፦ ምደባው ላይ አይሸወዱ

ምደባ ማለት ኮሌጁ በየትኛው የእንግሊዝኛ ደረጃ እንደሚያስገባዎት የሚወስንበት ነው። እኔ የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው። በአንድ ኮሌጅ የምዝገባ ቅጽ ላይ «የመጀመሪያ ቋንቋዎ ምንድን ነው?» ለሚለው አማርኛ ብዬ ሞላሁ። በቀጥታ ወደ እንግሊዝኛ ለሁለተኛ ቋንቋ ተናጋሪዎች ክፍል ተመራሁ፣ ከፈልኩ፣ አንድ ሴሚስተር ተማርኩ፣ ጥሩ ውጤትም አገኘሁ። ትራንስክሪፕቱ ሲመጣ ኮርሱ ከኮሌጅ ደረጃ በታች የሚመደብ ነበር፤ የሕክምና ትምህርት ቤት አይቆጥረውም። ቅጹን በሐሰት ይሙሉ ማለቴ አይደለም። ባችለር ዲግሪ ካለዎት ትራንስክሪፕቱንና ግምገማውን ይዘው «ከምደባ ፈተናው ነጻ ያደርገኛል ወይ?» ብለው አማካሪውን ይጠይቁ። ካላደረገዎት ፈተናውን ተዘጋጅተው ይውሰዱ እንጂ በሥራ ማግስት ዓይንዎ እየተከደነ አይቀመጡበት። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊትም አንድ ነገር ያረጋግጡ፦ የኮርሱ ስም የኮሌጅ ድርሰት የሚል ነው ወይ? ክሬዲቱስ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ይሻገራል ወይ?

አምስተኛ፦ ሰዓቱን ይመድቡ

ሁለተኛው የድርሰት ኮርስ ከመጀመሪያው በኋላ ነው የሚወሰደው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አይወስዱም። ሁለት ሴሚስተር ይፈጃል ማለት ነው። 8 ሳምንት የሚወስዱ አጫጭር ክፍሎች ካሉ ግን ሁለቱንም በአንድ ሴሚስተር ተራ በተራ መጨረስ ይቻላል።

የተለመደው ስሌት ለአንድ ክሬዲት በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል፣ ሁለት ሰዓት ከክፍል ውጭ ነው። ባለ 3 ክሬዲቱ በሳምንት 9 ሰዓት ይወስዳል። በ8 ሳምንት ሲጨመቅ 18 ሰዓት ይሆናል። 36 ሰዓት ለሚሠራ ነርስ ይቻላል፤ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ጎን ካለ ግን አይሞክሩት።

ኦንላይን ኮርስ ብዙ ጊዜ ሳምንታዊ የውይይት ጽሑፍ አለው፤ የራስዎን ሐሳብ በሳምንቱ አጋማሽ ያስገቡና ለሁለት ተማሪዎች እስከ እሑድ 11:59 ይመልሳሉ። በመጀመሪያው ሳምንት በሌሊት ፈረቃ ደንዝዤ «ሌሊት 11:59» የሚለውን በእኛ አቆጣጠር አነበብኩትና ሊነጋጋ ሲል፣ ረክቼ፣ ላክሁ። በቀይ «ዘግይቷል» ብሎ ጠበቀኝ። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 5፡59 ነው የሚዘጋው። ኮሌጁ በሌላ የሰዓት ክልል ካለ ደግሞ የሚቆጠረው የእነሱ ሰዓት ሊሆን ይችላል። የሴሚስተሩን ቀነ ገደቦች በሙሉ በመጀመሪያው ቀን ወደ ስልክዎ የቀን መቁጠሪያ ያስገቡ፤ እያንዳንዱን አንድ ቀን አስቀድመው።

ስድስተኛ፦ ድርሰቱን እነሱ እንደሚፈልጉት መጻፍ

ትልቁ ሥራ ይኼ ነው። ሰዋስው የምናውቅ ሰዎች የምንወድቀው በአጻጻፍ ልማድ ነው።

የመጀመሪያ ድርሰቴ ስለ ሌሊት ፈረቃ ነበር። በአገር ቤት እንደተማርኩት መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ አድርጌ ጀመርኩ፦ «ጤና ለሰው ልጅ እጅግ አስፈላጊ ነው። ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ ጤናውን ለመጠበቅ ሲጥር ኖሯል።» አስተማሪዋ አንቀጹን በሙሉ ሰረዘችው። ሁለተኛው አንቀጽ መሐል፣ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግኳት ዓረፍተ ነገር ላይ ቀስት አድርጋ «ድርሰቱ የሚጀምረው እዚህ ነው» ብላ ጻፈች። ዓረፍተ ነገሯ «12 ሰዓት ቆሞ የሚሠራ ሰው 20 ደቂቃ ጋደም የሚልበት ክፍል የለውም» የምትል ነበረች። ተናድጄ ነበር፤ ሁለት ቀን አልከፈትኩትም። ስከፍተው ግን ልክ ነበረች።

እኛ ዋናውን ነገር ዙሪያውን ከበን፣ አንባቢውን አለስልሰን፣ መጨረሻ ላይ ማውጣት እንወዳለን። የአሜሪካ የኮሌጅ ድርሰት ደግሞ መከራከሪያውን በመጀመሪያው አንቀጽ አስቀምጥና ከዚያ አስረዳ ይላል። መከራከሪያዋን ለመፈተን አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ይህን ዓረፍተ ነገር የሚቃወም አስተዋይ ሰው ሊኖር ይችላል? «ጤና አስፈላጊ ነው» የሚለውን የሚቃወም የለም፤ ስለዚህ መከራከሪያ አይደለም። «ሆስፒታሎች ለሌሊት ሠራተኞች የመኝታ ክፍል እንዲያዘጋጁ በሕግ ሊገደዱ ይገባል» ብትሉ ግን የሆስፒታሉ የሒሳብ ኃላፊ ወዲያው ብድግ ይላል። ድርሰቱ ከእሱ ጋር የሚደረገው ክርክር ነው። የእሱን ምክንያት ራስዎ በአንድ አንቀጽ በደንብ አስቀምጠው መልስ ሲሰጡ ውጤቱ ከፍ ይላል።

ከአማርኛ ይዘናቸው የምንሻገር ስሕተቶችም አሉ። አንደኛው የዓረፍተ ነገር ሰንሰለት ነው። «በሽተኛው መጥቶ፣ ተመርምሮ፣ መድኃኒቱን ወስዶ ሄደ» ለእኛ ያማረ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በእንግሊዝኛ ግሦቹን በነጠላ ሰረዝ ብቻ ሲያያይዟቸው አስተማሪው ቀይ ያደርገዋል፤ ይቁረጡት። ሁለተኛው ከቁጥር በኋላ የሚመጣው ስም ነው፤ እኛ «ሦስት በሽተኛ» ማለት እንችላለን፣ እነሱ አይችሉም። ሦስተኛው «ዘ» እና «ኤ» የሚባሉት ሁለት ቃላት ናቸው። እኛ ይህን ሥራ «ቤቱ» ብለን በስሙ ጭራ ስለምንሠራ ከፊት ማስገባቱን እንረሳለን። እኔ ድርሰቱን አትሜ፣ በእርሳስ እያንዳንዱን ስም እያከበብኩ ከፊቱ ምን እንዳለ እፈትሽ ነበር። አሰልቺ ነው፤ በአራተኛው ድርሰት ግን ስሕተቱ በግማሽ ቀንሷል።

ኮሌጁ የጽሑፍ ማዕከል ካለው ይጠቀሙበት፤ ኦንላይን ተማሪም ይስተናገዳል። ረቂቁ ከቀነ ገደቡ ሁለት ቀን ቀድሞ መድረስ አለበት። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የጽሑፍ ላብራቶሪ ድረ ገጽም በነጻ ይገኛል፤ የዋቢ አጻጻፍ ሥርዓቶችን ከነምሳሌው ያሳያል። ሲከፍቱት ኮርሱ የሚጠይቀውን ዓይነት እያዩ መሆንዎን ያረጋግጡ፤ ኤምኤልኤ እና ኤፒኤ የሚባሉት የዋቢ ሥርዓቶች ይለያያሉ።

ሰባተኛ፦ ኩረጃ

አጭር ነው፣ ግን ከሁሉ የከፋው ይኼ ነው። ሸምድዶ መመለስ በሚያስመሰግንበት ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች የመጽሐፍ ዓረፍተ ነገር ሳናስበው ከብዕራችን ይወጣል። የማን እንደሆነ ሳይጠቀስ ከገባ ኩረጃ ነው። ኮሌጁ በይፋ ከቀጣዎት ጉዳዩ እዚያ አይቀርም፤ አምካስ ማመልከቻ ላይ «ተቋም እርምጃ ወስዶብዎት ያውቃል ወይ?» የሚል ጥያቄ አለ፣ በእውነት መመለስም ግዴታ ነው። በ3 ክሬዲት ኮርስ የሠሩት ስሕተት በሐኪምነት ማመልከቻ ላይ ይቀመጣል።

ድርሰት በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማስጻፍም እንደዚያው ነው። ይህን ይለያሉ የሚባሉት መሣሪያዎች ደግሞ በሁለተኛ ቋንቋው የሚጽፍን ሰው ንጹሕ ሥራ በስሕተት የሚጠረጥሩበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የለውጥ ታሪክ በሚያስቀምጥ ሰነድ ላይ ይጻፉ፣ ረቂቆቹን አያጥፉ። ከተጠየቁ ድርሰቱ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ እንዴት እንዳደገ ማሳየት ይችላሉ።

ስምንተኛ፦ ፈተናና ስም

አንዳንድ ኮርስ በካሜራ የሚጠበቅ ፈተና አለው። መታወቂያ ያሳያሉ፣ ክፍሉን በካሜራ ዞረው ያስቃኛሉ፣ ሌላ ሰው መግባት የለበትም። ዘመድ ቡና ሊጠጣ ሳይደውል በሚመጣበት ቤት ይህ ከባድ ነው። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የጥናት ክፍሎች አሏቸው፤ አስቀድመው ይያዙ።

ስምዎን ደግሞ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ያድርጉ። አንዱ ጋ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ፣ ሌላው ጋ የአያት ስም፣ ሦስተኛው ጋ ሆሄው ተለውጦ የሚገኝ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። የቀድሞ ስሞችን አምካስ ላይ መመዝገቢያ ቦታ አለ፤ ሳይሞላ ከቀረ ትራንስክሪፕት ባለቤት አጥቶ ሊቀመጥ ይችላል።

ዘጠነኛ፦ ውጤቱና ትራንስክሪፕቱ

ኮርሱን በፊደል ውጤት ይውሰዱ፤ «አልፏል ወይም ወድቋል» የሚለውን አማራጭ አይምረጡ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ከሲ በታች አይቀበሉም። አምካስ የተደገመን ኮርስ የሚቆጥረው ሁለቱንም ሙከራ ነው፤ ኮሌጁ የመጀመሪያውን ቢሰርዝልዎት እንኳን። ስለዚህ ነገሩ ሲበላሽ ቶሎ ይወስኑ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ ኮርሱን ቢጥሉ ትራንስክሪፕት ላይ አይታይም። ከዚያ በኋላ ቢያቋርጡ ግን «ደብልዩ» ይቀራል፤ ቢሆንም ከኤፍ ይሻላል።

ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና ሒሳብ ተደምረው በሚሰላው የሳይንስ አማካይ ውስጥ እንግሊዝኛ አይገባም፤ በጠቅላላው አማካይ ውስጥ ግን ይገባል። በሳይንሱ የተጎዳ ሰው ሁለት ኤ እዚህ ቢያገኝ ጥቂት ይረዳዋል። ከዚህ የሚበልጠው ጥቅም ኤምካት በሚባለው የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ላይ ነው፤ የንባብ ክፍሉ በ90 ደቂቃ 53 ጥያቄ፣ 9 ምንባብ አለው። ለአንድ ምንባብ 10 ደቂቃ ማለት ነው፤ ከሰዎቻችን መሐል በሳይንሱ በልጦ እዚህ የሚደክም ብዙ ነው። የድርሰት ኮርሱን ከፈተናው በፊት ይውሰዱ።

አምካስ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ግንቦት (ሜይ) መጀመሪያ አካባቢ ይከፈታል፤ ማመልከቻ መላክ የሚጀመረው ወደ ወሩ መጨረሻ ነው። በአሜሪካ አንድ ኮርስ ብቻ የወሰዱበት ኮሌጅ ሳይቀር ትራንስክሪፕቱን በቀጥታ ለአምካስ መላክ አለበት። ኮሌጁን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ኮርሱ ገና እየተሰጠ ከሆነ «በመካሄድ ላይ» ብለው ያስገቡታል።

አንድ የቀረ ነገር፦ ኮርሱ በተዘጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የኮሌጁ ገጽ ሊቆለፍብዎት ይችላል። ከዚያ በፊት የኮርሱን ዝርዝር መግለጫ፣ የድርሰቶቹን መመሪያና አስተማሪው የሰጠዎትን አስተያየት ወደ ኮምፒውተርዎ ያውርዱ። አንድ ትምህርት ቤት በዓመቱ «ይህ ኮርስ ስንት ገጽ አስጽፏል?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልሱን ያገኘሁት እዚያው ማኅደር ውስጥ ነው።